የሞዴል ማነጻጸሪያው ጉዳይ፣ ከጋራ ግዢው በፊት

ሰብለ (ጸሐፊ)፦ ሰንጠረዡ እስከ ቅዳሜ ካላለቀ የመለዋወጫ ግዢው ይቅር። የትኛው መኪና አሜሪካና አውሮፓ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው እንደማይገጥም ሳናውቅ ሳንቲም አላወጣም። ባለፈው ታዝዘው ያልገጠሙትን የፎልክስዋገን ፓሳት በሮች ደግሞ ማንም እንዳያነሳብኝ።

ዳዊት (ሽቱትጋርት)፦ እንዴት አይነሳም፣ በሮቹ አሁንም እኔ ምድር ቤት ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቻታኑጋ፣ ቴነሲ የተሠራው ፓሳት ከኛው ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ያኔ ከነበረው የአውሮፓው በ9 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የሱ በር የኔ መኪና ላይ ሊገጥም?

ቶሎሳ (ሜሪላንድ)፦ ቶዮታውን ለኔ ተዉት። ያሪስ ብላችሁ ብቻ እንዳታዙ። በ2020 እዚህ የተሸጠችው ያሪስ ገላልጠው ሲያዩዋት ማዝዳ 2 ናት፣ የናንተዋ ፈረንሳይ የምትሠራ ሌላ መኪና ናት። ቀሪውን ዛሬ ማታ እልካለሁ።

ሰብለ፦ ተባረክ። ሆንዳውስ?

ጋሽ ከበደ (ፍራንክፈርት፣ የድሮው ቨርጂኒያ)፦ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 ያለው የአውሮፓ አኮርድ አሜሪካ አኩራ ቲኤስኤክስ ተብሎ ነው የተሸጠው። እዚያ አኮርድ የሚባለው ሌላ ነው፣ ሰፋ ያለው። ለኛ ዕቃ ስትፈልጉ አኩራ በሉ። ፎርድ ኩጋ ደግሞ ከ2013 ሞዴል ጀምሮ እዚያ ኢስኬፕ ተብሎ ነው የተሸጠው። ዋናውን ግን ረስታችሁታል፣ ለፍሬቻ ራሱን የቻለ ዓምድ ይውጣለት።

ሚኪ (ዴንቨር)፦ ለፍሬቻ? ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሞተሩን ሳንጨርስ አምፖል ልንቆጥር ነው?

ጋሽ ከበደ፦ አምፖል አይደለም ልጄ። አሜሪካ የኋላ ፍሬቻ ቀይ ቢሆን ሕጉ ይፈቅዳል፣ አውሮፓ ብርቱካናማ መሆን አለበት። መኪናዬን በመርከብ አስጭኜ አምጥቼ ምርመራ ላይ በሱ ወደቅሁ። የኋላ የጭጋግ መብራትም የላትም ተባልኩ። ሁሉንም ከኪሴ ነው ያስቀየርኩት።

ሚኪ፦ ያ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ከናንተ ወደኛ እንደሆነ 25 ዓመት ያልሞላው መኪና እንዲህ በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ ዓምዱ ለማን ነው?

ዳዊት፦ ለደኅንነት ነው። ቀይ ከሆነ ከፊትህ ያለው ሰውዬ ፍሬን ይዟል ወይስ ሊታጠፍ ነው፣ በምን ትለያለህ?

ሚኪ፦ ሲበራ ሲጠፋ አያለኋ! ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቼ ቀለም ተምታቶብኝ አያውቅም። እናንተ አውሮፓ ስለገባችሁ ብቻ ሁሉን የምታውቁ ይመስላችኋል።

ዳዊት፦ የፍሬቻ ቀለም መጥቀስ ትምክህት ሆነ እንዴ?

ሚኪ፦ ትምክህቱ አነጋገርህ ላይ ነው። መዋጮ ሲሆን ደግሞ ሁሌም የምንከፍለው ከውቅያኖሱ ወዲህ ያለነው ነን።

ሰብለ፦ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ ደብተሩ እኔ ጋ ነው። አታስገልጡኝ። ሚኪ፣ በተለይ አንተ።

ሚኪ፦ እሺ በቃ፣ አጠፋሁ። ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም።

ጋሽ ከበደ፦ ምንም አይደል። ከተነሳ አይቀር ግን ስፖኪዮም ይግባ። የሹፌሩ ጎን መስታወት አሜሪካ የግድ ዝርግ ነው፣ እዚህ ጎበጥ ያለው ይፈቀዳል። ስትገዙ እንዳትሸወዱ።

ሚኪ፦ ኧረ በማርያም ጋሼ!

ዳዊት፦ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ከአሜሪካ መኪና ያመጡ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ፣ ሁሉም የኋላ መብራት ይፈልጋሉ። በአንድ ላይ ብናዝ ዋጋው ይቀንስልናል።

ሰብለ፦ ስንት ሰው ነው? ስማችሁን ጻፉ።

ጋሽ ከበደ፦ ለኔ አንድ መጠባበቂያ።

ሚኪ፦ ለኔም አንድ ያዙልኝ። ጎልፌ ላይ ብርቱካናማው ያምራል።

ዳዊት፦ ሃሃ! ሃያ ዓመት ቀለም ያልተምታታበት ሰውዬ!

ሚኪ፦ ለማማር ነው አልኩ እንጂ ለማየት አልኩ?

ሰብለ፦ እንግዲያው የቅዳሜው አጀንዳ የኋላ መብራት ግዢ ነው። ሰንጠረዡ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ። ቶሎሳ፣ ቶዮታው የታል?

ሰብለ፦ ቶሎሳ?

ዳዊት፦ ስልኩንም አያነሳም። እስከዚያ እነዚህን በሮች የሚወስድልኝ ሰው ፈልጉልኝ፣ ባለቤቴ ጨርሳ ሳትቆጣ።