የባለመሬቱና የጭሰኛው ልጅ፦ አዋጁ አጣላቸው ወይስ አስተካከላቸው?

አወያይ፦ ባለፈው ቡና ላይ የተነሳው ክርክር አላለቀም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው፣ የገጠር መሬትን ከባለመሬቶች ወስዶ የሕዝብ ያደረገውና ጭሰኝነትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ አብረው ያደጉ የባለመሬትና የጭሰኛ ልጆችን ጓደኝነት አፈረሰ ወይስ አስተካከለ? አዳማና ዙሪያዋ ያደጋችሁ ተናገሩ። ስድብ ክልክል ነው።

የባለመሬት ልጅ፦ አፈረሰ እንጂ! እኔና እሱ አንድ የጨርቅ ኳስ ነበር የምናንከባልለው። ምሳ እኛ ቤት፣ ቆሎ እነሱ ቤት። የዕድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ደርግ ወደ ገጠር የላካቸው ተማሪዎች፣ መጥተው ስብሰባ ሲጠሩ ግን አባቴ አድኃሪ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋ ጀመር። የአባት ዕዳ ለልጅ ለምን ይተርፋል?

ጡረተኛው መምህር፦ ወንድሜ፣ ምሳ እናንተ ቤት ሲበላ የት ነበር የሚቀመጠው? እኔ የጭሰኛ ልጅ ነኝ። ከባለመሬታችን ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተምሬያለሁ። እህል ሲወቃ አባቱ አውድማችን ላይ ቆሞ እኩሌታውን ያስጭናል፤ ልጁ በቅሎ ላይ ሆኖ ያያል። ማታ ኳስ እንጫወታለን። በዓል ሲደርስ እናቴ ዶሮና ቅቤ ይዛ ትሄዳለች፣ ተሸካሚው እኔ። በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እንዲያውም ቸር ነበር። ግን ከተጣላን አባቴ ከመሬቱ ይነቀላል ብዬ ስለምፈራ፣ ብይ ስንጫወት እያወቅሁ እሸነፍለት ነበር።

የዴራ ልጅ፦ ሁላችሁም ከ1967 ትጀምራላችሁ። የኛን ጓደኝነት ቀድሞ የበጠሰው ትራክተር ነው። አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያስገባ እርሻ አዋጣ፤ ባለመሬቱም ጭሰኛውን እያስነሳ ራሱ በማሽን ማረስ ጀመረ። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ከገና በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። የት ገባ ያለም የለም።

ባለሱቋ፦ የከተማውንስ ማን ያንሳው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እናቴ ባሏ ሞቶባት ሁለት ክፍል እያከራየች ነበር የምታሳድገን። ከባለ ፎቆቹ ጋር ተደምራ ከበርቴ ተባለች! የተከራዮቻችን ልጅ ጓደኛዬ ናት። በማግስቱ መጥታ «ኪራዩን ለማን ነው የምንከፍለው? እማዬ ጠይቂ ብላኛለች» አለችኝ። ለቀበሌ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦ በእናትሽ የደረሰውን አልከራከርም፤ ያ ግፍ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ገጠሩ ነው።

የባለመሬት ልጅ፦ ገጠሩስ ምን አተረፈ? ኮታ! ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሲያስረክብ ኖረ። ባለመሬቱ ተቀየረ እንጂ ጭሰኝነቱ መቼ ቀረ?

ጡረተኛው መምህር፦ ኮታውን አባቴም ሲረግም ነው የሞተው። ግን ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ሲባል፣ ለባለመሬቱም ቤተሰብ እንደኛው ራሱ የሚያርሰው ድርሻ ደረሰው። ጓደኛዬ መጥቶ እርፍ አያያዝ አሳየኝ አለኝ። በሬዎቹ ወዲያ ወዲህ ሲጎትቱት ሳቅሁበት። ሰደበኝ፤ እኔም መልሼ ሰደብኩት። ከዚያ በፊት ሰድቤው አላውቅም።

የባለመሬት ልጅ፦ እኩልነት ማለት መሰዳደብ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ አባትህ ከመሬት የሚነቀል ቢሆን ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር።

የዴራ ልጅ፦ ያኔ መሬት የደረሳቸው ሰዎች ልጆች አሁን ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ካሳ እየተቀበሉ እየተነሱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ዛሬም አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለነሱ ልጆችስ ምን ትላላችሁ?