ጥቁር መኪና ሳይጫጫር ዋክስ የሚቀባው እንዴት ነው?

ባለ ጥቁሯ፦
ሰላም ናችሁ? መኪናዬ ጥቁር ናት። ጥላ ውስጥ ስትቆም ታምራለች፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይወጣል። ዋክስ ልቀባት አስቤ ነበር፣ ግን ሳሽ ጭራሽ እንዳላባብሰው ፈራሁ። ዋክስ ጭረት ያጠፋል ወይስ ይሸፍናል ብቻ? ደግሞ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ችግር አለው?

አረፋ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱን ዛሬውኑ ተው። አቧራው ውስጥ ጥቃቅን አሸዋ አለ፣ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርገው አሸዋውን ቀለሙ ላይ እየጎተትከው ነው። ዋክሱ ራሱ አይጭርም፣ የሚጭረው ከጨርቁ ሥር የቀረው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ እጥበቱ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ጨርቅ ሳታስነካ ውሃ በደንብ ልቀቅባት፣ ከዛ የመኪና ሻምፑ ያዝ፣ ምክንያቱም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያለውን ዋክስ ያነሳዋል። ሁለት ባልዲ ያስፈልግሃል፤ አንዱ ሻምፑ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ፣ ጨርቁን ሻምፑ ውስጥ ከመመለስህ በፊት ሁልጊዜ በንጹሁ አለቅልቀው። ከጣሪያው ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፣ ጭቃው ያለው ታች ነውና። ጎማውን በሌላ ጨርቅ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ቀለም አይንካ!

ቀለም ወዳድ፦
አረፋ ትክክል ነው። ጭረቱን በተመለከተ፣ ክብ ስለሆነ አይደለም ክብ የሚመስለው። ጭረቶቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተኑ ናቸው፣ ግን ብርሃኑን ወደ ዓይንህ የሚመልሱት በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ የሚዞሩት ብቻ ናቸው። ነጭ መኪና ላይም አሉ፣ ጥቁር ላይ ግን ጎልተው ይታያሉ።
ዋክስ ትንሽ ይሸፍንልሃል፣ አያጠፋም። የሚያጠፋው ፖሊሽ ነው፣ እሱም ከቀለሙ በላይ ያለውን ክሊር (ቀለም የሌለውን መከላከያ ሽፋን) በስሱ እየፋቀ ነው የሚያጠፋው። ክሊሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል ማለት ይቻላል። አንዴ ከሄደ አይመለስም። በጣም ለስላሳውን ፖሊሽ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክር፣ በቂ ከሆነ እዛው ቁም። በየእጥበቱ ፖሊሽ የሚያደርጉ ሰዎች ያናድዱኛል፣ ቀለሙን እየጨረሱት እኮ ነው። ጥፍርህን የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ካለ እሱን ለማጥፋት አትታገል።

ሚስጥረ ዋክስ፦
አቀባቡን እኔ ልጨምር። ከታጠበች በኋላ እጅህን በስስ ፌስታል ሸፍነህ ቀለሙን ዳሰስ አድርገው። ሻካራ ከሆነ የተጣበቀ ነገር አለ፣ በክሌይ (ቀለም ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ እንደ ሊጥ ያለ ነገር) ይነሳል፣ ግን በደንብ በሚያንሸራትት ፈሳሽ እያራስክ፤ ደረቅ ክሌይ ራሱ ይጭራል።
ዋክሱን ጥላ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ቀባ። በጣም ስስ አድርገህ! ወፍራም ስለቀባህ የተሻለ አይከላከልም፣ ለማንሳት ግን ብዙ ያሳሽሃል፣ አንተ የምትሸሸው ደግሞ እሱን ነው። በለስላሳ ስፖንጅ ቀባው፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ፣ በጣትህ ነካ ስታደርገው ሳይዝረከረክ ከለቀቀ በንጹህ ማይክሮፋይበር (በጣም ቀጭን ክር ባለው ለስላሳ ጨርቅ) ሳትጫን አንሳው። ጨርቁን አራት እጠፈውና ቶሎ ቶሎ ገልብጠው። ጥቁር ፕላስቲኩ ላይ እንዳይነካ፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ባለ ጥቁሯ፦
ተባረኩ! ማይክሮፋይበሩን ከልብስ ጋር ማጠብ ይቻላል?

አረፋ፦
አይ፣ ለብቻው። የጥጥ ብናኝ ይይዛል። የልብስ ማለስለሻ አትጨምርበት፣ ክሩን ሸፍኖ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል። ጠርዙ ላይ የተሰፋ ጠንካራ ምልክት ካለም ቆርጠህ ጣለው።