አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት አካውንት፣ ሦስት የተለያየ የዱቤ መዝገብ

ጠያቂ፦ ጡረተኛው መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለትና ሁለት አራት አልሆን ሲል ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ሳሎናችን ውስጥ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አለ። ባለቤቴ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስላላት የሽያጩንና የዱቤውን ሒሳብ ማታ ማታ በዚሁ ታስገባለች። ታላቋ ልጄ ታግዛታለች። ታናሹ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ የእሱ ሥራ ጨዋታ ነው።

ቀድሞ ሁላችንም በአንድ አካውንት ነበር የምንገባው። የልጁ ጓደኞች ፍላሽ እየሰኩ፣ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚደረድረውን ቫይረስ ሲያመጡብን ጊዜ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን አካውንት ከፈትኩ። አስተዳዳሪው እኔ ብቻ ነኝ፤ የቀሩት መደበኛ ተጠቃሚዎች ናቸው። ቫይረሱ ቀነሰ፤ ሒሳቡ ግን ተበላሸ።

የሒሳቡ ፕሮግራም የቆየ ነው፤ በቪዡዋል ቤዚክ 6 ነው የተሠራው። የሠራልን ልጅ ዛሬ አገር ውስጥ የለም። በመደበኛ አካውንት ያለ ችግር ይከፈታል፣ የገባለትን ይመዘግባል፣ በማግስቱም ያሳያል። ነገር ግን ልጄ ያስገባችውን እናቷ አታይም፤ እናቷ ያስገባችውን እኔ አላይም። አንድ የቆየ ደንበኛ የ3,400 ብር ዱቤውን ከፍሏል፤ ልጄ ናት ተቀብላ የመዘገበችው። ባለቤቴ በራሷ አካውንት ስትከፍተው ግን ሰውየው ዛሬም ባለዕዳ ነው። ደውላ ጠየቀችው። የደረሰባትን እፍረት ባልዘረዝረው ይሻላል።

እኔ ስከፍተው «እንደ አስተዳዳሪ አስነሳ» በሚለው ነው። የመረጃው ፋይል ፕሮግራሙ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ብቻ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ አንድ ፋይል ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ነገር የሚናገረው እንዴት ነው? ጎረቤቴ «ሁሉንም አስተዳዳሪ አድርጋቸውና ተገላገል» ይለኛል። እኔ ግን ወደዚያ ቫይረስ መመለስ አልፈልግም።

መልስ፦ አቋራጭ

መምህር፣ ይህን ያህል አያስጨንቅም። «ራን አዝ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። በእሱ አንድ ሾርትከት ይሠሩና በባለቤትዎና በልጅዎ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡላቸው። የእርስዎን የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባሉ፤ ከዚያ ዊንዶውስ ራሱ ያስታውሰዋል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ በእርስዎ ስም ይነሣል፣ መዝገቡም አንድ ይሆናል። እኛ ቤት ዓመታት ሠርቷል።

መልስ፦ ከጥገና ክፍል

መምህር፣ እንደምን አሉ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የምጠግን ሴት ነኝ፤ የእርስዎን ዓይነት ጉዳይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ፋይሉ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። ሁለቱን ያላዩዋቸው ተደብቀው ስለተቀመጡ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው። ያኔ ቤት ውስጥ የሚከፈተው አካውንት ብዙውን ጊዜ አስተዳዳሪ ስለነበር፣ ፕሮግራም ሠሪዎች መረጃቸውን እዚያው «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ማስቀመጥ ለመዱ። የሚከለክላቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ግን አስተዳዳሪውን እንኳ ፈቃዱን እስካልጠየቀው ድረስ እንደ ተራ ተጠቃሚ ማሠራት ጀመረ። በዚህ ምክንያት የቆዩ ፕሮግራሞች በሙሉ «መጻፍ አልቻልኩም» እያሉ እንዳይወድቁ ማይክሮሶፍት አንድ ዘዴ አበጀ። የቆየ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር ዊንዶውስ አይከለክለውም፤ የፋይሉን ቅጂ ወስዶ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥና እዚያ ላይ ያስጽፈዋል። ፕሮግራሙም ሰውየውም ይህን አያውቁም። ለሦስት ጸሐፊ ሦስት ደብተር አድሎ ሽፋኑ ላይ አንድ ስም እንደመጻፍ ነው።

ቅጂው የሚወሰደው ፕሮግራሙ በዚያ አካውንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይሉን ለመጻፍ ሲከፍት ነው። ስለዚህ አካውንቶቹን ከመለየትዎ በፊት የነበረው ሒሳብ በሦስቱም ዘንድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያረጋግጡልኝ።

ቅጂዎቹን ለማየት መጀመሪያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ። ከዚያ በ«ሲ» ድራይቭ «ዩዘርስ» ውስጥ የባለቤትዎን ስም፣ ቀጥሎ «አፕዳታ»፣ «ሎካል»፣ «ቨርቹዋልስቶር» እያሉ ይግቡ። ሌላም ማረጋገጫ አለ። ፕሮግራሙ በባለቤትዎ አካውንት ተከፍቶ ሳለ «ታስክ ማናጀር»ን ይክፈቱ፤ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ የዓምዶቹን ራስ ቀኝ ክሊክ አድርገው የዚህ የቅጂ ዘዴ ስም የሆነውን «ዩኤሲ ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለውን ዓምድ ይጨምሩ። ከፕሮግራሙ ስም አጠገብ «ኢነብልድ» ካለ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው።

የጎረቤትዎ ምክር ደግሞ ይህን አይፈታም። ሁሉም አስተዳዳሪ ቢሆኑም ፕሮግራሙን በተራ መንገድ ከከፈቱት ለእያንዳንዳቸው ያው የግል ቅጂ ነው የሚቀርብላቸው። እርስዎ ዋናውን ፋይል የሚያገኙት «እንደ አስተዳዳሪ» ስለሚያስነሱት ብቻ ነው።

ወንድሜ አቋራጭ፣ ያንተ ዘዴ የእናትና የልጅን መዝገብ አንድ ያደርገዋል፤ አልክድም። ነገር ግን ያ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ለሒሳቡ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በዚያ አካውንት የገባ ሰው በተመሳሳይ ትዕዛዝ የፈለገውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ስም ማስነሳት ይችላል። በዚያ አካውንት የገባ ቫይረስም እንዲሁ። መምህሩ አካውንቶቹን የለዩት ለምን እንደሆነ ከላይ ጽፈዋል።

ጠያቂ፦ ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። «ኢነብልድ» ይላል። ሁለቱንም ቅጂዎች አገኘኋቸው፤ መጠናቸውም የተጻፉበት ቀንም ይለያያል። አካውንት ከመለየታችን በፊት ያለው ሒሳብ በሦስቱም አንድ ነው፤ እንዳልሽው።

አሁን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የመዝገብ ቁጥር 1187 በልጄ ዘንድ የዚያ ደንበኛ ክፍያ ነው፤ በእናቷ ዘንድ አንድ ካርቶን ወረቀት በዱቤ የወሰደ ሌላ ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ እንደዚሁ ተደራርቧል። ሦስቱን ፋይሎች አንድ ላይ ማዋሐድ ይቻላል?

መልስ፦ ከጥገና ክፍል

ፋይሎቹን ማዋሐድ አይሞክሩ። ቁጥሩን ፕሮግራሙ ራሱ በተራ ስለሚሰጥ፣ ሁለት ደብተር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሲቆጥር አንድን ቁጥር ለሁለት ሰው መስጠቱ አይቀርም። ብዙ የገባበትን መዝገብ ዋና ያድርጉ፤ ከእርስዎ አነጋገር የባለቤትዎ ይመስለኛል። ከሌሎቹ ላይ አካውንቶቹ ከተለዩበት ቀን ወዲህ ያለውን ዝርዝር በወረቀት አትመው በእጅ ያስገቡ። አሰልቺ ነው፤ ግን የዱቤ ነገር ስለሆነ በዓይን እየተያየ ቢገባ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ሦስቱንም ፋይሎች በሦስት የተለያዩ ፎልደሮች ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ፕሮግራሙ በሁሉም አካውንት ተዘግቶ ይሁን። «ተጠቃሚ ቀይር» ብሎ መውጣት አይዘጋውም፤ ከአካውንቱ ጨርሶ መውጣት ያስፈልጋል።

ከዚያ የመረጡትን ፋይል በዋናው ቦታ ይተኩ። አሁን የፎልደሩ ፈቃድ ይቀራል። ፕሮግራሙ የመረጃውን ቦታ የሚያስመርጥ ቢሆን ፋይሉን ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ማውጣት ነበር የሚሻለው፤ ያን ካደረጉ የአዲሱን ፎልደር ስም በላቲን ፊደል ይጻፉት፤ በዚያ ዘመን የተሠራ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል ባለበት ስም ይሰናከላል። የማያስመርጥ ከሆነ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ «ኤዲት»። እዚያ የባለቤትዎን፣ የልጅዎንና የራስዎን ስም ጨምረው ለሦስቱም «ሞዲፋይ» የሚለውን ይፍቀዱ። «ዩዘርስ» ለሚለው ቡድን አይስጡት፤ ታናሹ ልጅም በዚያ ውስጥ ነው። የራስዎን ስም ደግሞ «እኔማ አስተዳዳሪ ነኝ» ብለው አይተዉት፤ በተራ መንገድ ሲከፍቱት አስተዳዳሪነትዎ አይቆጠርም።

ፈቃዱ ለፎልደሩ እንጂ ለፋይሉ ብቻ አይሁን። መረጃው አክሰስ የሚባለው የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፋይል ከሆነ፣ የቪዡዋል ቤዚክ 6 ፕሮግራሞች አብዛኞቹ እሱን ነበር የሚጠቀሙት፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር አጠገቡ አንዲት ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፤ ሲዘጋም ይሰርዛታል። ፎልደሩ ውስጥ መፍጠርና መሰረዝ ካልተፈቀደለት ነገሩ እንደገና ይበላሻል።

አሁን ሰዎች የሚረሱት አለ። ፈቃዱን ከሰጡ በኋላም በ«ቨርቹዋልስቶር» ውስጥ የቀረ ቅጂ ካለ ዊንዶውስ የሚያቀርበው እሱን ነው፤ ዋናውን አይደለም። ስለዚህ በየአካውንቱ እዚያ የተቀመጠውን የፕሮግራሙን ፎልደር ስም ይቀይሩት። አይሰርዙት፤ መጨረሻው ላይ «አሮጌ» የሚል ነገር በላቲን ይጨምሩና ይተዉት።

ከእንግዲህ እርስዎም ፕሮግራሙን «እንደ አስተዳዳሪ» አያስነሱት። ፎልደሩ አሁን ለሌሎችም ተከፍቷል፤ በእነሱ ስም የገባ ነገር ፕሮግራሙን በሌላ ቢተካው፣ እርስዎ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ታስነሱታላችሁ ማለት ነው።

መልስ፦ እናት ነኝ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የእኔም ልጅ መደበኛ ተጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ጨዋታ እየጫነ ነው። የይለፍ ቃል አልጠየቀውም። አካውንቱ አልተከለከለም ማለት ነው?

መልስ፦ ከጥገና ክፍል

ተከልክሏል፤ ግን ክልከላው የሚመለከተው የጋራውን ቦታ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ይጫናሉ፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። መደበኛ አካውንት የልጁን ጨዋታ አያስቆምም፤ የልጁ ጨዋታ የአንቺን ፋይልና ዊንዶውሱን እንዳይነካ ነው የሚያደርገው። ጨዋታውን ራሱን መገደብ ከፈለግሽ «ፋሚሊ ሴፍቲ» የሚባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት የሰዓት ገደብ ያወጣል፤ ልጁ ግን የማይክሮሶፍት አካውንት ሊኖረው ይገባል።

ጠያቂ፦ ጡረተኛው መምህር

ፈቃዱን ሰጠሁ፣ የድሮዎቹን ስም ቀየርኩ። ባለቤቴ በራሷ አካውንት አንድ ደርዘን እስክሪብቶ ሸጣ መዘገበች፤ ልጄ በራሷ ገብታ አየችው፤ እኔም አየሁት። «ዩኤሲ ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለው ዓምድ ግን አሁንም «ኢነብልድ» ይላል። ያሳስባል?

መልስ፦ ከጥገና ክፍል

አያሳስብም። ዓምዱ የሚናገረው ዘዴው ለዚያ ፕሮግራም ክፍት መሆኑን ነው፤ የሚሠራው መጻፍ ሲከለከል ብቻ ነው። አሁን የሚከለክለው የለም። ለማንኛውም ከሳምንት በኋላ «ቨርቹዋልስቶር»ን አንዴ ይመልከቱት፤ በፕሮግራሙ ስም አዲስ ፎልደር ተፈጥሮ ካገኙ ፈቃዱ ያልደረሰው ንዑስ ፎልደር አለ ማለት ነውና ስሙን ይጻፉልኝ።