ጉበታቸው ውስጥ ሻንት ገብቶላቸው ትኩሳቱ እየተመላለሰባቸው ነው፤ ምን እናስመርምር?

ጥያቄ (ሀዋሳ፣ ታቦር)
አባቴ የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳና መጠጠር) አለባቸው። ከ7 ወር በፊት ሕንድ አገር በአንገታቸው ደም ሥር በኩል ጉበታቸው ውስጥ ሻንት፣ ማለትም ደም የሚያሳልፍ የብረት መረብ ቱቦ (ስቴንት)፣ ተደረገላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እያንቀጠቀጠ 39 ዲግሪ አተኮሳቸው። ሁለቴም ለ7 ቀን ሴፍትሪአክሶን ተወግተው ተሻላቸው፤ ባቆሙ በሳምንቱ ተመለሰ። ወባ የለም፣ ዊዳልም (የታይፎይድ ምርመራው) ነፃ ነው። ዛሬ ደግሞ ጀመራቸው።

መልስ (ነርስ)
ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ገና ስትገቡ «ጉበታቸው ውስጥ ሻንት አለ» በሉ፤ ከውጭ ስለማይታይ ካልተናገራችሁ የሚያውቅ የለም። ከሕንድ የመጣውን ወረቀት ያዙ። ንግግራቸው ከተዛባ፣ ቀን ተኝተው ሌሊት ከነቁ ወይም ሽንታቸው ከቀነሰ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በፍጹም፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ2 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500ው 4 ፍሬ አይለፍ።

መልስ (ላብራቶሪ)
ዊዳልን ተዉት፣ ነፃ ቢልም አለ ቢልም የሚያስተማምን አይደለም። የሚያስፈልጋቸው የደም ከልቸር (ደም ውስጥ ያለውን ጀርም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ነው፣ እሱም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ፣ በየጊዜው 20 ሚሊ ሊትር ይቀዳ። ደሙ ካነሰ ጀርሙ ሳይያዝ ያመልጣል። ቆዳው በደንብ ተጠርጎ ሳይደርቅ ከተወጋ ደግሞ የቆዳ ጀርም ጠርሙሱ ውስጥ አድጎ ሐኪሙን ያሳስታል። ሆዳቸው ውሃ ከያዘ ውሃውም ይመርመር፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ኒውትሮፊል (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ከ250 በላይ ከሆነ ሆዳቸው ውስጥ ኢንፌክሽን አለ ማለት ነው።

መልስ (ክሊኒካል ፋርማሲ)
የመመላለሱ ነገር ሻንቱን ያስጠረጥራል። ስቴንቱ ላይ በረጋ ደም ውስጥ የተሸሸገ ጀርም በ7 ቀን መድኃኒት አይጠፋም፤ ደሙ ለጊዜው ይጠራል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ጀርሙ እንደገና ይረጫል። ኢ ኮላይና ክሌብሴላ የሚባሉት ጀርሞች የተለመዱ ናቸው፤ ኢንቴሮኮከስም እንዲሁ፣ እሱን ግን ሴፍትሪአክሶን ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ ያንኑ መርፌ ለሦስተኛ ጊዜ ከመድገም ከልቸሩ ይምራ። ሻንቱ መሆኑ ከታመነበት ብዙውን ጊዜ በደም ሥር ቢያንስ 6 ሳምንት ይሰጣል፤ በመሃል ከልቸር ተደግሞ ደሙ መጥራቱ ይታያል። ጄንታማይሲን ለሲሮሲስ ሕመምተኛ ኩላሊት አደገኛ ነው፤ ከታዘዘ ሌላ አማራጭ እንዳለ ጠይቁ። ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰት የሚያሳየው) ሻንቱ መዘጋቱን ያሳያል፣ ንጹሕ ቢሆን ግን ኢንፌክሽን የለም አያሰኝም። ሽንት፣ ሳንባ፣ የሐሞት ቱቦና የልብ ቫልቭም ይታዩ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሻንቱን ማውጣትስ አይቻልም?

መልስ (ክሊኒካል ፋርማሲ)
አይቻልም፣ ከጉበቱ ጋር ተጣብቋል። የሚወጣው ጉበቱ ራሱ በንቅለ ተከላ ሲቀየር ብቻ ነው። ለዚህ ነው የመድኃኒቱ ቀን ሳይጎድል መጠናቀቅ ያለበት።