ኤሌክትሮድ በሌለበት ላብ ሆኖ ለሲስተምስ ኒውሮሳይንስ ፒኤችዲ መዘጋጀት

ሕሊና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሜዲካል ፊዚዮሎጂ ማስተርሴን ልጨርስ ነው። አሜሪካ ለፒኤችዲ ማመልከት እፈልጋለሁ፤ የምፈልገው በሲስተምስ ኒውሮሳይንስ (የነርቭ ሴሎች በቡድን ሆነው እንዴት እንደሚሠሩ በሚያጠናው መስክ) ውስጥ አንጎል እንዴት እንደሚወስን የሚያጠኑ ላቦችን ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የነርቭ ሴል መቅጃ መሣሪያ የለም፤ ያለው የፋርማኮሎጂ የአይጥ ክፍል ብቻ ነው። በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ጀማሪ ነኝ፣ ኢንተርኔቱን እናንተው ታውቁታላችሁ። እስከ ማመልከቻው ያሉትን ወራት በምን ላውላቸው?

ቀመር፦
መሣሪያ ባይኖርም ዳታው አለ። ኒውሮሳይንቲስቱ ስታይንሜትዝና ባልደረቦቹ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዳታ ላይ ሥሪ፦ 10 አይጦች፣ 39 የቀረጻ ክፍለ ጊዜዎች፣ 42 የአንጎል ክፍሎች፣ ወደ 30,000 የሚጠጉ ነርቭ ሴሎች። አይጧ ግራና ቀኝ ከሚታዩት ባለመስመር ምስሎች ንፅፅሩ (የጥቁርና ነጩ ልዩነት) የጎላውን ትንሽ ጎማ በማዞር ትመርጣለች።

ጥሬውን ዳታ ለማውረድ አትሞክሪ። አንድ ኒውሮፒክስልስ ኤሌክትሮድ (አንጎል ውስጥ የሚገባ ቀጭን መቅጃ) በ384 ቻናል፣ በሰከንድ 30,000 ጊዜ፣ በየናሙናው 2 ባይት ሲቀዳ በሰዓት 83 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ኒውሮማች አካዳሚ የተባለው የኦንላይን ኒውሮሳይንስ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ያሳነሰው ቅጂ አለ። በጎግል ኮላብ (በብሮውዘር ኮድ የሚጻፍበት አገልግሎት) ስትከፍቺው ፋይሉ የሚወርደው ወደ ጎግል ሰርቨር ስለሆነ ያንቺን የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም። ስፓይኮቹ (የነርቭ ሴሎቹ የኤሌክትሪክ ምቶች) በ10 ሚሊሰከንድ ተከፋፍለው ተቆጥረዋል፤ በየሙከራው ምስሉ የሚታየው 500ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ነው።

ወደ ነርቭ ሴሉ ከመሮጥሽ በፊት ባህሪውን እዪ። የቀኙ ንፅፅር ከግራው ሲቀነስ በአግድም፣ ቀኝ የተመረጠበት ድርሻ በቁም ይሁን። ግራፉ ተገልብጦ ከወጣ አትደንግጪ፦ በዚህ ቅጂ የቀኙ ሲጎላ ትክክለኛው ምላሽ የሚመዘገበው -1 ሆኖ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። ለምሳሌ፦ ከዕይታ ኮርቴክስ (ዓይን ያየውን ከሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል) ስፓይኮች ምርጫውን አስቀድሞ መገመት ይቻላል? ወጥመዱ ምስሉና ምርጫው አብረው መሄዳቸው ነው፤ ምርጫውን አነበብኩ ስትዪ ያነበብሽው ምስሉን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንፅፅራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሙከራዎችን እርስ በርስ አወዳድሪ። ጎማው መዞር ከጀመረ በኋላ ያለውንም ጊዜ ቁረጪው፤ እንቅስቃሴ ሲጀመር አንጎሉ በሰፊው ስለሚነቃ ውጤቱ ያለአግባብ ያማረ ይመስላል። በመጨረሻም 700 ነርቭ ሴል ከአንድ ክፍለ ጊዜ ስለወሰድሽ 700 ነፃ ናሙና አለኝ አትበዪ። ስታቲስቲክሱን በክፍለ ጊዜና በአይጥ ደረጃ ሥሪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ቀድሞ የሚጠየቀው ይሄው ነው።

የላብ ሰው፦
የፋርማኮሎጂውን ክፍልም አትናቂው። ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ካገኘሽ በኋላ የጭንቀት ባህሪ የሚለካበትን ባለመስቀል ማማ፣ ኤለቬትድ ፕላስ ሜዝን፣ ማሠራት ትችያለሽ። ለአይጥ የተለመደው ክንድ 30 በ5 ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለቱ ክንዶች 15 ሴንቲሜትር ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ክፍት ናቸው። ሙከራው 5 ደቂቃ ነው። ስልክሽን ከላይ በቀጥታ ስቀይው፣ የብርሃኑን መጠን መዝግቢ። አይጦቹን ቀደም ባሉት ቀናት በእጅሽ አለማምጂ፤ በዕለቱ ደግሞ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመሽ ወደ ክፍሉ አስገቢያቸው። በየመሃሉ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊ፤ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ሽታው ራሱ ባህሪ ይቀይራል። አንዷን አይጥ ሁለት ጊዜ አትፈትኚ፤ በሁለተኛው ክፍት ክንዱን ስለምትሸሽ የጭንቀት መድኃኒት ብትሰጫትም የሚሠራ አይመስልም።

ቪዲዮውን በዲፕላብካት (የእንስሳን እንቅስቃሴ ከቪዲዮ በሚከታተል ሶፍትዌር) ተከታተዪ፤ ለጅምር ከተለያዩ አይጦች የተመረጡ 200 ያህል ፍሬሞች ላይ በአይጧ የአካል ክፍሎች ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ሁሉንም ከአንድ ቪዲዮ ከወሰድሽ ግን ብርሃን ሲቀየር ይስታል።

አዋሽ፦
ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጨርሺ፤ እኔ ብሆን የቀመርን እመርጣለሁ፣ ፈቃድ የሚያስጠብቅ ነገር የለበትም። ግማሽ የቀሩ ሁለት ፕሮጀክቶች ስቴትመንት (ከማመልከቻው ጋር ስለራስሽ የምትጽፊው ጽሑፍ) ላይ አያነሱሽም።

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዲሴምበር 1 አካባቢ ይዘጋሉ፣ ኅዳር 22 መሆኑ ነው። ቃለ መጠይቁ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ሦስት የምስክር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ አንዱ ሥራሽን በቅርብ ካየ ሰው ይሁን። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልሽና ትምህርትሽ በእንግሊዝኛ ስለነበር ከቶፍል ነፃ እንድትሆኚ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ሁሉም ባይፈቅዱም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) የሥልጠና ድጋፍ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራሞች ለውጭ አገር ተማሪ ያላቸው ቦታ ጥቂት ነው። ከመክፈልሽ በፊት ስንት እንደሚቀበሉ ለቢሮው ጻፊ።

ሕሊና፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለፕሮፌሰሮቹ አስቀድሜ ኢሜይል ልላክ?

አዋሽ፦
እንደ ፕሮግራሙ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ላብ እየተዘዋወርሽ የምትሞክሪበት ከሆነ የሚወስነው ኮሚቴ ነው፤ ኢሜይሉ የሚጠቅመው በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይወስዱ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ቀጥታ ወደ አንድ ላብ የሚያስገባ ከሆነ ግን ሳትጽፊ አታመልክቺ። ከስድስት መስመር አይብለጥ፦ ማን እንደሆንሽ፣ ከጽሑፋቸው የትኛው ውጤት ጥያቄ እንደፈጠረብሽ፣ የኖትቡክሽ (ኮድሽና ውጤትሽ ያለበት የኮላብ ፋይል) የጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ሊንክ፣ ከዚያ ጥያቄው። ስቴትመንቱ ላይ ሦስት ላብ ጥቀሺ፤ አንዱን ብቻ ጠቅሰሽ እሱ ገንዘብ ባይኖረው ማመልከቻው አብሮት ይወድቃል።

ቀመር፦
ሊንኩን ከመላክሽ በፊት ኮላቡን ሪስታርት አድርገሽ ከላይ እስከ ታች አሂጂው። እነሱ ጋ ሲከፈት ኤረር ካወጣ ባይላክ ይሻል ነበር።