ዘፈን፣ ሞዴሊንግና የሸማ ልብስ አንድ ላይ ይሄዳል?

ሰላም ጓዶች፣ 23 አመቴ ነው አዲስ አበባ ነኝ፣ ማታ ማታ ባንድ ውስጥ እዘፍናለሁ፣ ሞዴሊንግም አልፎ አልፎ እሰራለሁ፣ አሁን ደሞ ከሽሮ ሜዳ ሸማ እየገዛሁ ልብስ ማሰፋት ጀምሬያለሁ። ሁሉም ሰው አንዱን ምረጪ ይለኛል፣ እናንተስ?

መልስ 1፦
እህቴ ለምን ትመርጫለሽ፣ ሊያ ከበደ እኮ ሞዴል ሆና ነው በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅት የጀመረችው፣ ሸማኔዎቻችን ስራ እንዳያጡ ብላ።

መልስ 2፦
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መድረክ ላይ የራስሽን ልብስ ልበሺ፣ ከዛ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። ግን ሸማው ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ስፌቱ ይበዛል፣ ቁርጥራጩንም እንዳትጥይው ለቦርሳ ይሆናል፣ ሶልሬብልስ የሚባለው ድርጅት ከአሮጌ ጎማ ጫማ እየሰራ አይደል እዚሁ አዲስ አበባ ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነስቶ ውጭ ሀገር የተሸጠው። ለሸማኔው ደሞ ቀብድ ስጪ፣ ድርና ማጉን የሚገዛው በሱ ነው።

ጠያቂዋ፦
ቀብዱን አላሰብኩትም ነበር፣ ቅዳሜ ሄጄ አናግራቸዋለሁ፣ ተባረኩ