ሰኔ 20 ለክሪስ ስኳየር፦ ያ የቤዝ ድምፅ እኛ ባለን ዕቃ እንዴት ይውጣ?

ፋሲል_ቤዝ
ነፍሱን ይማርና የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የ«የስ» ቤዚስት ክሪስ ስኳየር በደም ካንሰር ያረፈው ሰኔ 20 ቀን 2007 ነው፤ ገና 67 ዓመቱ ነበር። ዘንድሮ ቀኑን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ ልንዘክረው ተነጋግረናል። የምንጫወተው የባንዱን ዘፈን «ራውንድአባውት»ን ነው። ያለን ዕቃ፦ ሁለት ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ማግኔት) ያለው ባትሪ የማይፈልግ ቤዝ፣ ባለ 12 ኢንች የኪቦርድ አምፕ፣ አነስተኛ የጊታር አምፕ፣ ዲስቶርሽን ፔዳል፣ ዲአይ ቦክስ (የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር አመቻችቶ የሚያስተላልፍ ሣጥን) እና ሚክሰር። ችግራችን ፔዳሉን ስንረግጠው ድምፁ ይጮኻል እንጂ ታቹ (ወፍራሙ ድምፅ) ባዶ ይሆናል፣ ከድራሙ ሥር ቤዝ ይጠፋል። ስናጠፋው ደግሞ ያ የስኳየር ስለት (ሹል የላይኛው ድምፅ) የለም። እሱ ይጫወትበት የነበረው ሪከንባከር ቤዝ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

ሳውንድ_አዘዞ
መጀመሪያ ሪከንባከሩን እርሱት። ስኳየር ያንን ድምፅ ያገኘው በጊታሩ ብቻ አይደለም። የጊታሩን ሽቦ አስቀይሮ ድምፁን ለሁለት ከፈለው፤ ወፍራሙ ወደ ቤዝ አምፕ፣ ቀጭኑ ወደ ሊድ ጊታር አምፕ ይሄዳል። የሚሻክረው ላይኛው ብቻ ነው፤ ታችኛው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። እናንተ ግን ሙሉውን ድምፅ ፔዳሉ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ፔዳሉም ታቹን ይበላዋል።

ቤዙን ዲአይ ቦክሱ ላይ ሰኩ። ከዲአዩ ማለፊያ ጃክ ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ወደ ጊታር አምፑ። ባለ ሦስት እግሩ ኬብል ደግሞ ወደ ሚክሰሩ፣ ከሚክሰሩ ወደ ኪቦርድ አምፑ። የኪቦርድ አምፑ ታችኛዋን ኢ፣ 41 ኸርዝ አካባቢ ያለችውን፣ ከጊታር አምፑ በተሻለ ይሸከማል። ሚክሰሩ ላይ ትሬብሉን ቀንሱ፣ ሚዱን አትንኩ። ጊታር አምፑ ላይ የቤዝ ቁልፉን እስከ ዜሮ አውርዱ፣ አለበለዚያ የትንሿ ስፒከር ኮን ይቀደዳል። የፔዳሉ ጌይን (የማሻከሪያው መጠን) ከሩብ አይለፍ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ስኳየር ሻካራ ነው እንጂ የተጨማለቀ አይደለም፣ እያንዳንዱ ኖት ለብቻው ይሰማል።

ልኩን ስታወጡ ንጹሑን ከከበሮው ጋር እስኪገጥም አስቀድሙ። ከዚያ ጊታር አምፑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ለብቻው ሲሰማ ቀጭንና ደስ የማይል ከሆነ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ታቹ የሚሳሳ ከሆነ ፌዙ (የአንዱ ድምፅ ሞገድ አቅጣጫ) ተገልብጧል ማለት ነው። አንዳንድ ፔዳል ይገለብጣል። መፍትሔው ሁለተኛውና ሦስተኛው እግር የተቀያየረበት ባለ ሦስት እግር ኬብል ሠርቶ በዲአዩ መስመር ላይ ማስገባት ነው። ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉበት፣ ከሌላው ኬብል ጋር ተቀላቅሎ ማይክ ላይ ቢገባ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሁለቱን አምፖች ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን እኩል አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ክር_እና_ፒክ
ሳውንድ_አዘዞ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ክሩ ካረጀ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ስኳየር የሚጠቀመው ሮቶሳውንድ የብረት ጥምጥም ክር ነበር። እናንተ ከ45 እስከ 105 የሆነ ማንኛውም ስቲል ጥምጥም ይበቃችኋል፤ ለስላሳውን ጥምጥም ግን አትሞክሩት። አዲስ ካጣችሁ አሮጌውን ቀቅሉት። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ እየጠረጋችሁ በደንብ አድርቁት። ብርሃኑ የሚመለሰው ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት አድርጉት። ደጋግሞ መፍታትና ማሰር ቁልፉ ላይ የሚጠመዘዘውን ቦታ ይሰብረዋል።

ፒክ የግድ ነው፣ ያውም 1 ሚሊሜትር የሚደርስ ወፍራም። ጫፉ ብቻ ብቅ እንዲል አጥብቃችሁ ያዙት፤ ፒኩ ክሩን እንደመታ የአውራ ጣቱ ሥጋ ተከትሎ ይንካው። ስኳየር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ የድምፁ ጥርስም ሥጋም የሚመጣው ከዚህ ነው። የምትመቱበት ቦታ ከሁለቱ ፒካፖች መካከል ወደ ብሪጁ ጠጋ ያለ ይሁን።

ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ስለሚጠጣ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። ክሩን አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተጭናችሁ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። አንድ የአድራሻ ካርድ ጠበብ ብሎ ካለፈ ደህና ነው። ካልሆነ የአንገቱን ብረት ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና አሳድሩት። በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሰው አንገት ይሰብራል።

ማራኪ_72
ስለ ሙዚቃው አንድ ቃል። «የስ» ያለ እሱ መጀመሪያ መድረክ የወጣው ነሐሴ 1 ቀን 2007 ነበር። ያኔ መድረኩ ላይ የሱ ነጭ ሪከንባከር በመብራት ተከቦ ቆመ፣ እሱ ራሱ የጻፈው «ኦንዋርድ» ከቅጂ ተሰማ። እናንተም በዚያ ብትጀምሩ ከንግግር ሁሉ ይሻላል። ከእ.ኤ.አ. 1969 እስከ 2014 ባንዱ ባወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ ላይ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ሲሄድ ምን እንደጎደለ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሰኔ 20 ዝናብ ነው። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ የሚሸፍነው ያንን የላይኛውን ስለት ስለሆነ ስምንት ሰዓት ድምፅ ሞክራችሁ ማታ ላይ በዚያው ልክ አትሂዱ። ትሬብሉን ከፍ፣ ሰዉን ወደ መድረኩ ጠጋ አድርጉ።

ፋሲል_ቤዝ
ዛሬ ገጠምነው፣ ታቹ ተመለሰ! ግን ሁለቱ አምፖች አብረው ሲበሩ «እምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ አለ። አንዱ ልጅ የጊታር አምፑን ስፒና አርዝ እንቁረጥ አለ።

ሳውንድ_አዘዞ
በፍጹም አትቁረጡት! አርዝ የሌለው አምፕ ውስጡ ብልሽት ቢፈጠር ኤሌክትሪኩ በጊታሩ ክር በኩል ቤዚስቱ እጅ ላይ ይመጣል፤ ያውም እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ። ሁለቱን አምፖችና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ማከፋፈያ አብሩ። ከዚያ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለችውን የግራውንድ ማብሪያ ማጥፊያ ቀይሯት፤ ያቺ የምትለየው የድምፁን ኬብል ብቻ ስለሆነ አደጋ የላትም። ፔዳሉን በ9 ቮልት ባትሪ አስነሱት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የቀረ ጩኸት ካለና ቤዚስቱ ዞር ሲል የሚቀንስ ከሆነ ፒካፑ ነው፤ ከፍሎረሰንት መብራቱ ራቅ ብሎ ይቁም።